«ቦርዱ ላይ ኮምፓይል አድርጉ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ ከጅማ

ሰሞኑን ኢምቤድድ ሊኑክስ (በትንንሽ ቦርዶች ላይ የሚሠራ ሊኑክስ) ላይ በምንሠራ ሰዎች መካከል አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። እዚህ ጅማ ያሉ ተማሪዎችም «እውነት ነው ወይ?» እያሉ ልከውልኛል። የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። ክሮስ ኮምፓይለር፣ ማለትም ላፕቶፕ ላይ ሆኖ ለቦርዱ የሚሆን ፕሮግራም የሚያወጣው፣ ጊዜው አልፎበታል፤ ፕሮግራሙን እዚያው ቦርዱ ላይ ኮምፓይል አድርጉት (የጻፋችሁትን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም ቀይሩት)። የግድ ካስፈለገ ከኡቡንቱ ዝግጁውን ክሮስ ኮምፓይለር ጫኑና ጨርሱ። ለቦርድ ሙሉ ሊኑክስ የሚያዘጋጁት ቢልድሩትና ዮክቶ በእኛ ኢንተርኔትና በእኛ መብራት አይታሰቡም። ስክሪን ከፈለጋችሁ ርካሹን ገዝታችሁ የሻጩን ስክሪፕት አስኪዱ፤ ያለዚያ ታብሌት ይሻላል። አማርኛ በትንሽ ስክሪን ስለማይሆን በእንግሊዝኛ ይሁን። ለጀማሪ ከዚህ በላይ ማስተማር ማስፈራራት ነው።

ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት ይታያል። ጀማሪ ገና ከበሩ እንዳይመለስ ነው ሐሳባቸው። ይህን አከብራለሁ። ግን ምክሩን ይዞ የሚሄድ ልጅ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የሚገጥመውን ነገር በየጊዜው ስለማይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ከመጀመሪያው ልነሳ።

«ቦርዶቹ ጠንክረዋል» ይላሉ ጸሐፊው። ለአንዳንዱ ቦርድ እውነት ነው። 4 ወይም 8 ጊጋባይት ራም ያለው ራስቤሪ ፓይ 4 የያዘ ሰው አጭር የሲ ፕሮግራም እዚያው ላይ ኮምፓይል ቢያደርግ ምንም አይደለም። እኔም እንደዚያው አድርጉ እላለሁ። ግን ስንት ተማሪ ነው እሱን የያዘው? በተማሪ እጅ ከማያቸው ቦርዶች አንዱ ቢግልቦን ብላክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ ባለ አንድ ኮር ኮርቴክስ ኤ8 ፕሮሰሰርና 512 ሜጋባይት ራም ያለው ቦርድ ነው። እዚያ ላይ እንደ ኪውት ያለ ትልቅ የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ ኮምፓይል ለማድረግ ሞክሩ። ራሙ ይሞላል፤ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ኮምፓይለሩን ራሱን ይገድለዋል። ኤስዲ ካርዱ ላይ ስዋፕ፣ ማለትም የራም ማሟያ ቦታ፣ ቢከፈት ሥራው ይንፏቀቃል፣ ካርዱም በከንቱ ያልቃል።

ወደ ርካሾቹ ስንወርድ ደግሞ ጥያቄው ራሱ አይነሳም። ኤፍ1ሲ100ኤስ የሚባለው የኦልዊነር ቺፕ በውስጡ ያለው ራም 32 ሜጋባይት ብቻ ነው። በእሱ የተሠራው ሊቺ ፓይ ናኖ 16 ሜጋባይት ፍላሽ ይዞ ይመጣል። ኮምፓይለሩ ብቻውን ከዚህ ፍላሽ ይበልጣል። ለአንድ የቡና መጋዘን የሙቀትና የእርጥበት ማሳያ ሲሠራ ዋጋው የሚያዋጣው እንዲህ ዓይነቱ ቦርድ ነው። ባለ 8 ጊጋባይቱ አይደለም።

መብራትን በተመለከተ ጸሐፊው ያነሡት ነገር አለ፤ ቢልድሩትን ለመቃወም ነው ያነሡት። እኔ ደግሞ ለክሮስ ኮምፓይለር ከሁሉ ትልቁ ምክንያት እሱ ነው እላለሁ። ጅማ ዝናብ የሚበዛባት ከተማ ናት። ክረምት ላይ ነጎድጓዱ ሲበረታ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ይውላል። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፤ ቦርዱ የለውም። ቦርዱ ላይ ለሰዓታት ኮምፓይል ሲደረግ ቆይቶ መብራት ድርግም ሲል ሥራው ብቻ አይደለም የሚጠፋው። ካርዱ ላይ እየተጻፈ የነበረው ፋይልም ሊበላሽ ይችላል። አንዳንዴ ቦርዱ ጨርሶ ቡት አያደርግም። ላፕቶፑ ላይ ቢሆን ኖሮ ሥራው ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲልም በሰላም ይቆማል።

አሁን ወደ ሁለተኛው። «ከኡቡንቱ ዝግጁውን ጫኑ፣ በቃ።» እዚህ ላይ ነው ብዙ ልጆች የሚወድቁት፣ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልሂድ።

ቱልቼይን ስንል ኮምፓይለሩን ብቻ ማለታችን አይደለም። አራት ነገር አብሮ ይሄዳል፦ ኮምፓይለሩ ጂሲሲ፣ የወጣውን ኮድ የሚያገጣጥመው ቢንዩቲልስ፣ ፕሮግራሞች የሚደገፉበት የሲ ላይብረሪና የከርነሉ ሄደር ፋይሎች። ኡቡንቱ የሚሰጠው ጥቅል እነዚህን በራሱ ምርጫ አስተካክሎ ነው የሚሰጠው። ቦርዱ ላይ ያለው ሌላ ከሆነ አይገናኙም።

የመጀመሪያው አለመገናኘት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። በዴቢያንና በኡቡንቱ «አርም-ሊኑክስ-ግኑ-ኢኤቢአይ-ኤችኤፍ» የሚባለው ኮምፓይለር ምንም ካልተባለ ለአርም ቨርዥን 7 ነው ኮድ የሚያወጣው። ራስቤሪ ፓይ ዜሮ፣ የመጀመሪያው ማለቴ ነው፣ ቨርዥን 6 ነው። የራስቤሪ ፓይ ሲስተምም ራሱን «አርም ኤችኤፍ» ብሎ ስለሚጠራ ስሙ ይመሳሰላል፤ ልጁ ትክክለኛውን የጫነ ይመስለዋል። ፕሮግራሙን ሲያስነሳው «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ይወድቃል። ቅድም የጠቀስኩት ኤፍ1ሲ100ኤስ ደግሞ ቨርዥን 5 ሲሆን የነጥብ ቁጥር የሚያሰላው የፍሎቲንግ ፖይንት ክፍል ጭራሽ የለውም። ለእሱ የሚሆነው እነዚህን ቁጥሮች በሶፍትዌር የሚያሰላው፣ ሶፍት ፍሎት የሚባለው ነው።

ሁለተኛው ጂሊብሲ ነው፤ ኡቡንቱና ዴቢያን የሚጠቀሙበት የሲ ላይብረሪ። ኡቡንቱ 22.04 የሚጠቀመው ጂሊብሲ 2.35ን ነው። ቦርዱ ላይ ያለው ዴቢያን 11 ደግሞ 2.31 ነው ያለው። ኡቡንቱው ላይ ኮምፓይል የተደረገው ፕሮግራም ቦርዱ ላይ ሲነሳ «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» ይላል። ለምን 2.34? እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው 2.34 የትሬድ ላይብረሪውን ከዋናው ላይብረሪ ጋር ስላዋሃደና የፕሮግራም መነሻ ፈንክሽኑን አዲስ የቨርዥን ምልክት ስለሰጠው ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠራ ማንኛውም ተራ ፕሮግራም ያንን ምልክት ይፈልጋል። «ሄሎ ወርልድ» የሚል ፕሮግራም እንኳ አይነሳም። አዲሱን ጂሊብሲ ብቻውን ቦርዱ ላይ ለመገልበጥ የሚሞክር አለ። እባካችሁ አትሞክሩት፤ ትንሽ ከተዛነፈ ሲስተሙ በሙሉ ይወድቃል።

ሦስተኛው ሰው የሚያሳብደው ነው። ፋይሉ አለ። ዝርዝር ሲጠየቅ ይታያል። የማስኬድ ፈቃድም ተሰጥቶታል። ሲነሳ ግን «እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም» ይላል። አንድ ተማሪ እዚህ ጋ ሲደርስ ካርዱ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ካርድ ገዝቶ መጥቷል። ካርዱ ምንም አልሆነም። የጠፋው ፕሮግራሙ ሳይሆን የፕሮግራሙ ጫኝ ነው። እያንዳንዱ ዳይናሚክ ፕሮግራም (ሲነሳ ላይብረሪውን ከውጭ የሚጭን) በሆዱ ውስጥ «እኔን የሚጭነኝ እገሌ ነው» የሚል አድራሻ ይዟል። ለሃርድ ፍሎት ኮድ፣ የፍሎቲንግ ፖይንቱን ክፍል ለሚጠቀመው፣ «ኤልዲ-ሊኑክስ-አርምኤችኤፍ» የሚባለው ነው። ቦርዱ ላይ ያለው የሶፍት ፍሎቱ፣ ወይም መስል የሚባለው ሌላ የሲ ላይብረሪ ጫኝ ከሆነ አድራሻው ላይ ማንም የለም። ሪድኤልፍ በሚባለው መሣሪያ ፕሮግራሙን ላፕቶፑ ላይ ከፍቶ ኢንተርፕሪተር የሚለውን መስመር ማየት በቂ ነው። ከዚያ ቦርዱ ላይ ሊብ ፎልደር ውስጥ ያ ስም አለ ወይ ብሎ ማመሳከር ነው። የአንድ ደቂቃ ሥራ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። መድኃኒቱ ኮምፓይለሩም ሩትፋይልሲስተሙም (ቦርዱ ላይ የሚቀመጠው የፋይሎች ስብስብ) ከአንድ ቦታ እንዲወጡ ማድረግ ነው። ቢልድሩት ይህን ያደርጋል። ከርነሉን፣ ላይብረሪውን፣ ፕሮግራሞቹን በአንድ ቱልቼይን ሠርቶ ኢሜጅ፣ ካርድ ላይ የሚጻፍ አንድ ፋይል፣ ያወጣል። «ሜክ ኤስዲኬ» ሲባል ደግሞ ያንኑ ቱልቼይን ጠቅልሎ ለሌላ ሰው የሚሰጥ አድርጎ ያዘጋጀዋል። ቢልድሩት ሌላም ጥሩ ነገር አለው። አንድ ፓኬጅ ተሳስቶ የላፕቶፑን ሄደር ወይም ላይብረሪ ሊጠቀም ሲል ያስቆመዋል። በእጅ የሚሠራ ሰው ይህን ስህተት የሚያየው ፕሮግራሙ ቦርዱ ላይ ሲወድቅ ብቻ ነው።

«ቢልድሩት በእኛ ኢንተርኔት አይታሰብም» የሚለውን ብዙ ሰው ስለሚያምነው ቁጥር ላቅርብ። በ6 የሚጀምር የሊኑክስ ከርነል ሶርስ (የኮዱ ጽሑፍ) ተጨምቆ ከ130 ሜጋባይት በላይ ነው። ጂሲሲ ከ80 በላይ። የመሠረታዊ ትዕዛዞች ስብስብ የሆነው ቢዚቦክስ ከ3 ሜጋባይት አይበልጥም። ቡትሊን የሚባለው ድርጅት የሚያቀርበውን ዝግጁ ቱልቼይን ቢልድሩት ውስጥ ከመረጥን የጂሲሲ ሶርስ አያስፈልግም፤ ቱልቼይኑን የመሥራቱ ጊዜም ይቀራል። ይህ ሁሉ ሲደመር ሰው በየሳምንቱ ስልኩ ላይ ከሚያየው ቪዲዮ ያንሳል። የሚወርደውም አንዴ ነው።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው። «ሜክ ሶርስ» የሚባል ትዕዛዝ አለ። ኮንፊገሬሽኑ የሚፈልገውን ሶርስ በሙሉ ያወርዳል እንጂ ምንም ኮምፓይል አያደርግም። ኔትዎርክ ደህና የሆነበት ቦታ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ይህን ማስኬድ ነው። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልግም። የማውረጃው ፎልደር ከቢልድሩት ውጭ፣ ሌላ ዲስክ ላይ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። አንድ ሰው ያወረደውን አሥር ሰው በፍላሽ ይገለብጠዋል። ፍላሽ ላይ የመጣ ፋይል ተጎድቶ ወይም ተቀይሮ ቢሆንስ? ቢልድሩት ለአብዛኞቹ ፓኬጆች የሶርሱን ሃሽ (የፋይሉን መለያ አሻራ) መዝግቦ ስለያዘ ፋይሉ ካልተመሳከረ አልጠቀምም ይላል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ላሉ ልጆች ዘወትር የምነግራቸው ይህንኑ ነው። የክፍሉ ሰው ሁሉ አንድ ፎልደር ይጋራ።

ከዚህ ጋር የጸሐፊውን መንገድ እናወዳድር። አሥር ቦርድ ቢኖረን አሥሩም ላይ ፓኬጅ ሲጫንና ሲታደስ አሥር ጊዜ ነው የሚወርደው። ቢልድሩት ላይ የተሠራው አንድ ኢሜጅ ግን በአሥሩም ካርድ ላይ ይጻፋል። ኢንተርኔት የሚቆጥበው የትኛው እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

መብራቱስ? ቢልድሩት እያንዳንዱ ፓኬጅ የደረሰበትን ደረጃ ምልክት ፋይል ላይ ይጽፋል። ተቋርጦ እንደገና ሲነሳ ያለቁትን ፓኬጆች አይነካም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። በመሀል የተቆረጠው ፓኬጅ ከተዛባ እሱን ብቻ «ደርክሊን» አድርጎ (የተሠራውን አጥፍቶ) እንደገና ማስኬድ ነው። ዮክቶን በተመለከተ ግን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። በአሥር ጊጋባይቶች የሚቆጠር የዲስክ ቦታ ይፈልጋል፤ ለተማሪ ላፕቶፕ ይከብዳል። ቢልድሩትን ከእሱ ጋር አንድ ላይ ጨፍልቀው መኮነናቸው ነው ያላስደሰተኝ።

ስክሪን። ይኼ ልቤ ያለበት ጉዳይ ነው።

ጸሐፊው የሚሉት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ርካሽ የኤስፒአይ ስክሪን ግዙና የሻጩን ስክሪፕት አስኪዱ።» ሁለተኛ፣ «ዲአርኤም የሚባለው ለትልልቅ ኮምፒውተር ነው፤ ኤፍቢ ዜሮ ላይ መጻፍ ይበቃል።» ኤስፒአይ በጥቂት ሽቦ ዳታን ቢት በቢት የሚልክ መገናኛ ነው። ዲአርኤምና ፍሬምበፈር ደግሞ ከርነሉ ሥዕል ወደ ስክሪን የሚልክባቸው አዲሱና አሮጌው መንገድ ናቸው፤ ኤፍቢ ዜሮ የአሮጌው ፋይል ነው።

ስክሪፕቱ ምን እንደሚሠራ ከፍታችሁ አንብቡት። ብዙ ጊዜ የሻጩን ያረጀ ከርነል አምጥቶ በእናንተው ላይ ይገለብጣል። ስክሪኑ ይሠራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከወር በኋላ ሲስተሙ ሲታደስ ከርነሉ ይቀየርና ስክሪኑ ነጭ ይሆናል። ነጭ ስክሪን ማለት የጀርባ መብራቱ በርቷል፣ ተቆጣጣሪው ቺፕ ግን አልነቃም ማለት ነው። አይኤልአይ 9341 የሚባለው፣ በብዙዎቹ 240 በ320 ስክሪኖች ላይ ያለው ቺፕ፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በእንቅልፍ ሁኔታ ነው የሚነሳው። «ከእንቅልፍ ውጣ» የሚለው ትዕዛዝ ይላክለታል፤ በሄክሳዴሲማል 11 ነው። ትንሽ ይጠበቃል። ከዚያ «ማሳየት ጀምር» የሚለው፣ 29፣ ይላካል። ድራይቨሩ ካልተጫነ ይህን የሚልክ የለም። ይህን የሚያውቅ ልጅ ነጭ ስክሪን ሲያይ አይደነግጥም፤ ድራይቨሩ ተነስቷል ወይ ብሎ የከርነሉን መልእክት ያያል። የማያውቀው ግን ስክሪኑ ተቃጠለ ብሎ ይጥለዋል።

ለዚህ ቺፕ ድራይቨሩ ዋናው ከርነል ውስጥ አለ። የሻጭ ስክሪፕት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 5.18 ጀምሮ ደግሞ ለኤስፒአይ ስክሪኖች የሚሆን አጠቃላይ ድራይቨር ተጨምሯል። የስክሪኑን የማስነሻ ትዕዛዞች ከአንድ ትንሽ ፋይል ያነባል። አዲስ ድራይቨር ሳይጻፍ አዲስ ስክሪን ማስነሳት ይቻላል ማለት ነው።

ኤፍቢ ዜሮን በተመለከተ፣ የፍሬምበፈር ድራይቨሮችን ይንከባከቡ የነበሩት የከርነል ሰው እ.ኤ.አ. በ2015 «ከእንግዲህ አዲስ የፍሬምበፈር ድራይቨር አታምጡ» ብለው አስታውቀዋል። ኤፍቢቲኤፍቲ የሚባሉት የትንንሽ ስክሪን ድራይቨሮች ገና ያልበሰሉ ድራይቨሮች በሚቀመጡበት በስቴጂንግ ክፍል ውስጥ ነው የቀሩት። አዲሱ ሥራ ዲአርኤም ላይ ነው። ዲአርኤም የግድ ግራፊክስ ቺፕ አይፈልግም፤ ቀላል በፈር (ሥዕል የሚቀመጥበት ራም) ሰጥቶ ሥዕሉን ወደ ስክሪኑ መላክ ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዲአርኤም የፍሬምበፈር ማስመሰያ አለው። ከርነሉ ሲሠራ እሱን ማብራት ነው። ያኔ የዲአርኤም ድራይቨር ተጭኖም ኤፍቢ ዜሮ አለ፤ ኤፍቢ ዜሮ ላይ የሚጽፍ ያረጀ ፕሮግራምም ይሠራል። ጸሐፊው ከሁለት አንዱን ምረጡ ያሉት ነገር ሁለቱንም አብሮ የሚሰጥ ነው።

የኤስፒአይ ስክሪን ራሱ ወሰን አለው። ሒሳቡን እንሥራው። 240 በ320 ስክሪን በ16 ቢት ቀለም አንድ ሥዕል 1,228,800 ቢት ነው። ኤስፒአዩ በ32 ሜጋኸርዝ ቢሄድ በሰከንድ 26 ሥዕል ገደማ ይልካል። ለሙቀትና ለክብደት ማሳያ ይበቃል። ሰው ግን «ትልቅ ይሁንልኝ» ይልና 800 በ480 በኤስፒአይ ይገዛል። የዚያ አንድ ሥዕል 6,144,000 ቢት ነው። በሰከንድ 5 ሥዕል ብቻ! ጣት ሲነካው ቆይቶ ነው የሚመልሰው። ለዚያ መጠን የሚሆነው በቀጥታ ከፕሮሰሰሩ የኤልሲዲ መቆጣጠሪያ የሚገናኘው ፓራለል አርጂቢ ስክሪን ነው። ቢግልቦን ብላክም፣ ኤፍ1ሲ100ኤስም ይህ መቆጣጠሪያ አላቸው።

አርጂቢ ስክሪን ላይ ሰዎችን የሚያስፈራው ዲቫይስ ትሪ (ቦርዱ ላይ ምን እንደተገናኘ ለከርነሉ የሚነግር ፋይል) ውስጥ የሚጻፉት የጊዜ ቁጥሮች ናቸው። የሚያስፈራ ነገር የለውም። ከስክሪኑ ዳታሺት ላይ ያለውን ሠንጠረዥ መገልበጥ ነው። የተለመደው ባለ 7 ኢንች 800 በ480 ስክሪን ዳር ዳሩን ጨምሮ በወርድ 1056፣ በቁመት 525 ይቆጥራል። በሰከንድ 60 ጊዜ ሲሆን 1056 በ525 በ60 ሲባዛ 33,264,000 ይመጣል። ዳታሺቱ ላይ 33.3 ሜጋኸርዝ የሚለው ቁጥር ከዚህ ነው የመጣው። ሥዕሉ ወደ ጎን ከሸሸ የኋላ ፖርቹን (ከሥዕሉ በፊት ያለውን የዳር ክፍተት) ማስተካከል ነው። ፒክስሎቹ ጠርዝ ላይ ከተርገበገቡ ደግሞ የክሎኩ ጠርዝ ተገልብጦ ይሆናል።

ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን የምመክረው አንድ ዘዴ አለ። ክፍሉን አጨልሙና የስልክ ባትሪ መብራት ስክሪኑ ላይ በአግድም አብሩበት። ሥዕሉ ደብዘዝ ብሎ ከታየ የጠፋው የጀርባ መብራቱ ብቻ ነው። ከርነሉም፣ ድራይቨሩም፣ የጊዜ ቁጥሩም ደህና ናቸው ማለት ነው። ዲቫይስ ትሪ ውስጥ የባክላይቱን ፒን ፈልጉ። ምንም ካልታየ ደግሞ ሞድቴስት የሚባለውን መሣሪያ አስነሱ፤ የቀለም መስመሮች ያሳያል።

የቀለም ነገር ከተነሳ፣ ቢግልቦን ብላክ ላይ ያለው የኤኤም335ኤክስ ቺፕ አንድ የታወቀ ጉድለት አለው። በ16 ቢትና በ24 ቢት ቀይና ሰማያዊ ሽቦዎቹ ይለዋወጣሉ። ለ16 ቢት የተገናኘ ስክሪን በ24 ቢት ሲነሳ የሰው ፊት ሰማያዊ ይሆናል። ብዙ ልጅ ሽቦ ነቅሎ ሊቀጥል ይነሳል። አያስፈልግም። ዲቫይስ ትሪ ውስጥ ሽቦው ቀጥ ያለ ነው ወይስ የተጠላለፈ ብሎ የሚገለጽበት መስመር አለ። ከርነሉ የሚሆነውን የቀለም አሰላለፍ ራሱ ይመርጣል። ይህን የሻጭ ስክሪፕት አይነግራችሁም።

«ታብሌት ይሻላል» ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም። ለቢሮ ይሻላል። ሚዛን፣ ሴንሰርና ማራገቢያ የሚቆጣጠር፣ መብራት ሲመለስ ማንም ሳይነካው ራሱ የሚነሳ መሣሪያ ለሚሠራ ሰው ግን መልስ አይሆንም።

የአማርኛው ነገር ግን አሳዝኖኛል። «በትንሽ ስክሪን አማርኛ አይሆንም» ማለት ሳይሞክሩ መፍረድ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል፤ እንደ ዐረብኛ ፊደሉ ከጎረቤቱ ጋር ሲገናኝ ቅርፁን አይለውጥም። ስለዚህ የተወሳሰበ የፊደል ማቀናበሪያ ላይብረሪ አያስፈልግም። ፊደሉን ከፎንቱ አውጥቶ በተራ መደርደር ይበቃል።

የሊኑክስ ጥቁሩ ኮንሶል እንኳ ይችላል። ኮንሶሉ ቢበዛ 512 ቅርፅ ይይዛል። ዋናው የኢትዮፒክ ክፍል 358 ምልክቶች አሉት። የላቲኑ የሚታተሙ ምልክቶች 95 ናቸው። ድምሩ 453 ነው፤ ቦታ ይተርፋል። ዴቢያን የኮንሶል ፎንት ጥቅሉ ውስጥ ጎሃ የሚባል የኢትዮጵያ ፎንት ይዞ ነው የሚመጣው። እዚህ ጅማ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ጎን ለጎን መውጣት አለባቸው። አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት ቁቤ ሁዻ ከሚባለው ጭረት ምልክቱ (') ጋር በእነዚያ 95 ውስጥ ያልቃል። ሁለቱም ቋንቋ በአንድ ፎንት፣ በአንድ ኮንሶል ላይ ይቀመጣሉ።

በኤልቪጂኤል፣ ለትንንሽ ስክሪኖች በሚሆነው የግራፊክስ ላይብረሪ፣ ለሚሠሩም መንገዱ ክፍት ነው። አብሮት የሚመጣው ፎንት ፊደላችንን ስለማያካትት መጀመሪያ ባዶ ሳጥን ነው የሚታየው። ጸሐፊው «አይሆንም» ያሉት ይህን አይተው ይመስለኛል። የኤልቪጂኤል ፎንት መቀየሪያ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ሰጥቶ በሄክሳዴሲማል ከ1200 እስከ 137 ኤፍ ያለውን የዩኒኮድ ክልል መጥራት ነው። በ20 ፒክስል፣ በ4 ቢት፣ አንድ ፊደል 200 ባይት ገደማ ይወስዳል። 358ቱ ሲደመሩ 72 ሺህ ባይት አካባቢ ነው። 16 ሜጋባይት ፍላሽ ላይ እንኳ አይታወቅም። ኪውት ላይ ደግሞ ፎንት ፋይሉ ኢሜጁ ውስጥ መግባቱን ማረጋገጥ ነው፤ ኪውት ከራሱ ጋር ፎንት ይዞ አይመጣም።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ። በ12 ፒክስል «ጠ» እና «ጨ» ይምታታሉ። ከ16 በታች አትውረዱ፤ ከርቀት ለሚነበብ 24 ይሻላል። ቡናው ወደ 11 እና 12 በመቶ እርጥበት ሲደርስ «ደርቋል» የሚለውን ቃል ማንበብ ያለበት የመጋዘኑ ሠራተኛ ነው። በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍለት።

የመጨረሻው ነጥባቸው ለጀማሪ ይከብዳል የሚል ነበር። ቅደም ተከተሉ ከተስተካከለ አይከብድም። እኔ የምመክረው ይኼን ነው። መጀመሪያ ላፕቶፕ ላይ፣ ያለ ምንም ቦርድ፣ ኪውኢሙ በሚባለው ማስመሰያ የቢልድሩት ኢሜጅ ይነሳ። ቢልድሩት ለኪውኢሙ የሚሆን ዝግጁ ኮንፊገሬሽን አለው። ቀጥሎ ሆን ተብሎ በማይሆን ቱልቼይን «ሄሎ ወርልድ» ኮምፓይል ተደርጎ «ፋይሉ የለም» የሚለው መልእክት ይታይ፤ ሪድኤልፍ ይከፈት። ከዚያ ቦርዱ ይምጣ፣ መጀመሪያ በሲሪያል ኬብል ብቻ። ስክሪኑ መጨረሻ ላይ ይጨመር፤ ያኔ ስክሪኑ ባይበራም ተማሪው ሲሪያሉ ላይ የከርነሉን መልእክት እያነበበ ምን እንደጎደለ ማየት ይችላል። የማውረጃ ፎልደሩ እኔ ጋ አለ፤ ኤክስተርናል ዲስክ ይዞ ለመጣ ሁሉ እገለብጣለሁ፤ ጸሐፊውም ወደ ጅማ ብቅ ካሉ እንዲሁ።